የሽንኩርቱን ድምፅ አትቁረጡብን

ውድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በበዓሉ እትማችሁ ያወጣችሁትን የዶሮ ወጥ አሰራር አይቼ ነው የምጽፍላችሁ። «ሽንኩርቱን ለ20 ደቂቃ ማቁላላት» ይላል። ለእማዬ ጮክ ብዬ ሳነብላት መጀመሪያ ሳቀች ከዛ ተናደደች፣ እኔም ከሷ ጋር ተናደድኩ፣ ግን ለምን እንደተናደድኩ ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ መሄድ አለብኝ።

እማዬ የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን አድርጋ አንድ ወር እኔ ጋ አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ነበረች። አንድ ዓይኗ ተሸፍኗል፣ ስክሪን ላይ አታፍጥጪ ተብላለች፣ ስለዚህ ቲቪውን የምትሰማው እንደ ሬዲዮ ነው። አንድ ማታ ዩቲዩብ በራሱ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያልፍ ጥቁርና ነጭ የሆነ የምግብ ፕሮግራም ላይ ቆመ፣ እኔ ሪሞቱን ሶፋ ስር ስፈልግ እማዬ «ተወው፣ ይቺ ሴትዮ እየጠበሰች ነው» አለችኝ። እንግሊዝኛ አትችልም እኮ። ጥብሱን ነው የሰማችው።

ሴትዮዋ የፈረንሳይ ምግብ አሰራር የምታስተምር አሜሪካዊት፣ ጁሊያ ቻይልድ ናት፣ ፕሮግራሙ «ዘ ፍሬንች ሼፍ» ይባላል፣ ከቦስተን በፈረንጆቹ 1963 ነው የጀመረው፣ በኛ 1955 መሆኑ ነው። እኛ ጋ ቴሌቪዥን ራሱ ገና አልነበረም፣ በ1957 ነው እዚሁ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የተጀመረው፣ በየቀኑ በታክሲ የማልፈው ህንፃ። ሴትዮዋ 1 ሜትር ከ88 ትረዝማለች፣ ድምጿ ከፍ ዝቅ እያለ ያስቃል፣ ስትጀምር ደሞ 50 ዓመቷ ነበር። ዛሬ የኛ ቲቪዎች 50 ዓመት የሞላት ሴት ድስት ፊት ያቆሙ ይሆን? እንጃ።

ከዛ ማታ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ስለ ሥጋ ወጧ ስሰማ እየተረጎምኩላት ነበር፣ ሥጋው እርጥብ ከሆነ አይጠበስም ቡናማም አይሆንም ብላ መጀመሪያ ታደርቀዋለች። እማዬ «ትክክል ናት፣ ውሃው ይቀቅለዋል» አለች፣ ከዛ ቀን ጀምሮ «ረጅሟ ሴትዮ መጣች?» ማለት ጀመረች። አንድ ቀን ደሞ የድንች ቂጣ መጥበሻው ላይ ልትገለብጥ ወርወር ስታደርገው ግማሹ ምድጃው ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋ በእጇ ሰብስባ ወደ መጥበሻው መለሰችውና ኩሽና ውስጥ ብቻችሁን ስትሆኑ ማን ያያችኋል አለች። እማዬ ነገሩ ሲገባት «እሰይ! ሰው ናት» ብላ አጨበጨበች። ያን ጊዜ ብዙም ሳያቋርጡ ነበር የሚቀርፁት፣ ስለዚህ የተበላሸው እንደተበላሸ ይታያል። ሁሉንም ግማሽ ሰዓት ውስጥ ታበስላለች ማለቴ አይደለም፣ ሰዓታት የሚፈጅ ከሆነ ቀድማ ያበሰለችውን ሌላ ድስት ከኦቨን ታወጣለች፣ ግን ይሄኛው ቀድሞ የተሰራ ነው ብላ ነግራህ ነው።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ። ፈረንሳዮቹ የሽንኩርት ሾርባ አላቸው፣ እሷም ሰርታዋለች፣ በቅቤና በዘይት ቀስ እያለ ሽንኩርቱ ይጠቁራል። እማዬ ስትሰማ «እኛ እኮ ያለ ቅቤ ነው የምንጀምረው» ብላ ኮራች፣ በማግስቱ ና ላሳይህ አለችኝ። አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ ከጉሊት ነው የምገዛው፣ ሦስት ኪሎ ገዛሁ፣ ከትፌ ስጨርስ ከእማዬ ይልቅ የዓይን ሕመምተኛ እኔ መሰልኩ። ከዛ እሷ ሳሎን ቁጭ ብላ እኔ ኩሽና ቆሜ ጀመርን። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ውሃውን ሲተፋ ይንጫጫል። ቆይቶ ዝም ይላል። ዝም ካለ በኋላ ደሞ ጭር ጭር የሚል ስስ ድምፅ አለው፣ ድስቱን ሊይዝ ሲል ማለት ነው፣ እና ያኔ ከሳሎን «ውሃ ጠብ አድርግበት!» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ፣ በግድግዳ ማዶ፣ በጆሮዋ ብቻ! አንዴ ስልክ አንስቼ ዘገየሁ፣ «አረረ በል» አለች፣ ሽታው ገና ሳይደርሳት። እውነትም አሯል፣ ታችኛውን ትቼ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ገለበጥኩ። ቅቤው የገባው ሰዓት ተኩል አልፎ ነው፣ በርበሬው ከዛ በኋላ።

አሁን ቲክቶክ ላይ ያሉትን እዩ። ሽንኩርት ጣል፣ ቅጭ፣ ቡናማ ሆነ፣ በሦስት ሰከንድ። ይሄ ራሱ ባልከፋ፣ ሰው ጊዜ የለውም፣ ኤዲት ይደረግ፣ ግን ላዩ ላይ ሙዚቃ ይለቁበታል! ያ ጭር ጭር ትምህርቱ እኮ ነው፣ እሱን በክራር ሸፍነህ ምኑን አስተማርከኝ? የጁሊያ ፕሮግራም ማብሰል ከተጀመረ በኋላ ሙዚቃ የለውም፣ የሚሰማው የሷ ወሬና የድስቱ ድምፅ ነው፣ ለዛ ነው እማዬ ቋንቋውን ሳትችል የተከታተለችው። ለበዓል የምግብ ዝግጅት የምትቀርፁ ሰዎች ጋዜጣውን የምታነቡ ከሆነ አንዲት እናት ፊት ካሜራ ትከሉና አታቋርጧት፣ ብቻ ላዩ ላይ ሙዚቃ አትልቀቁበት።

ደብዳቤ ምን ይለውጣል የሚል ካለ፣ የጁሊያ ፕሮግራም ራሱ የመጣው በደብዳቤ ነው። መጽሐፍ አሳትማ ስለ መጽሐፍ በሚወራበት ፕሮግራም ተጋብዛ ትንሽ ምድጃ ይዛ ሄዳ እዛው ኦምሌት ሰራች፣ ተመልካቾች ይቺን ሴትዮ መልሱልን ብለው ጻፉ፣ ጣቢያውም ሰማ።

ጋዜጣ ድምፅ እንደሌለው አውቃለሁ። ግን «20 ደቂቃ» ከምትሉ «ጫጫታው ዝም እስኪልና ድስቱን ሊይዝ እስኪል» ብላችሁ መጻፍ ትችሉ ነበር። እማዬ ደግሞ ይሄን ጨምርልኝ ብላለች፦ እንቁላሉ ከዶሮው ጋር አብሮ ይግባ ያላችሁት ይታረም። ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቢላ ጫር ጫር ተደርጎ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው።

ከአራት ኪሎ፣ አንባቢያችሁ