የባዮሎጂ ክበብ፦ ከክርክሩ እስከ አምስት ኪሎ

ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ተሰብስቧል፤ ቃለ ጉባኤው መዝገብ ቤት ስላለ አልደግመውም። የተከልናቸው ችግኞች ግማሹ ደርቀዋል። ውሃው የት እንዳለ ግቢያችንን የሚያውቅ ያውቃል።

ስማችን የተነሳው ግን ስለ ኢቮሉሽን ባዘጋጀነው ክርክር ነው። «ልጆቻችንን ከዝንጀሮ መጣችሁ ትሏቸዋላችሁ አሉ» ብለው ቢሮ ድረስ የመጡ ወላጆች ነበሩ። ኢቮሉሽን የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ያለ ምዕራፍ ነው፤ እኔ ከቤቴ አላመጣሁትም። ያው መጽሐፍ ልዩ ፍጥረትንም፣ ማለትም ሕያዋንን ሁሉ ፈጣሪ ፈጠራቸው የሚለውን፣ ያነሳል። ከዛሬው ዝንጀሮ መጣን ያለም የለም፤ የጋራ ቅድመ አያት አለን ነው የሚባለው።

ርዕሱ «ልዩ ፍጥረት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከኢቮሉሽን እኩል ይሰጥ» የሚል ነበር። ወገን በዕጣ ሲደለደል ዲያቆኑ ተማሪያችን ተቃዋሚ ሆነ! እሱም አልሰነፈም። በ1925 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ ኢቮሉሽን አስተማርክ ተብሎ 100 ዶላር የተቀጣውን መምህር ስኮፕስን፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፔንሲልቫኒያ፣ ዶቨር ላይ ሕይወትን ብልህ ነዳፊ ሠራው የሚለው ሐሳብ ሳይንስ አይደለም የተባለበትን ፍርድ ጠቀሰ። የደጋፊው ወገን ተከራካሪ ተነስታ «የፈረንጅ ዳኛ ለአዳማ ልጅ ምን አገባው?» ስትለው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መልስ አጣ።

መጋቢት ላይ በፈጣን መንገዱ አድርገን አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘች፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ባለዕድሜ ናት። አስጎብኚው የሚታየው ቅጂ መሆኑን ሲነግረን «ለዚህ ነው የመጣነው?» ያሉ ነበሩ። ዲያቆኑ ግን ከተኛው አጽም ወደቆመው፣ ከቆመው ወደተኛው ይመላለሳል። «ቲቸር፣ የተገኘው የቱ ነው? የተሞላውስ?» አለኝ። የተገኘው ከአጽሙ 40 በመቶ ያህሉ እንደሆነ ነገርኩት። የጭኑ አጥንት ከዳሌ ተነስቶ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ማዘንበሉን አሳየሁት፤ እንደኛው፣ ቆሞ የሚሄድ። የቺምፓንዚ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጎንበስ ብሎ የራሱን ጉልበት ዳበሰ። ያቺው ተከራካሪ ከኋላው «ይሄን ነበር ማምጣት!» አለችው።

ምሳ ላይ የጾም በያይነቱን እየቆረሰ «ጾሜን አልተውኩም፤ ጉልበቱን ግን እንዴት ልካድ?» ሲላት ሰማሁ። በ14 ዓመት ማስተማሬ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ትንሽ ነው።

አውቶቡሱን የተከራየነው በተማሪና በመምህር መዋጮ ነው። ማይክሮስኮፓችን አንድ፣ ሌንሱም የተሰነጠቀ ነው፤ የኳስ ቡድናችን ግን ዘንድሮ ሁለተኛ ማሊያ ለብሷል። የዳሌና የጉልበት አጥንት ቅጂ ቢገዛልን ለሁሉም ክፍል ይበቃል። መዋጮ አጥተው የቀሩ ሰባት የ11ኛ ክፍል ልጆች ስማቸው እኔ ዘንድ ተጽፏል፤ የሚቀጥለው ዓመት አውቶቡስ ከእነሱ ይጀምራል።