ተማሪዎቻችን ይሥሩ፤ ግን እስከ ስንት ሰዓት?

ይድረስ ለሐዋሳ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ለከተማው ትምህርት መምሪያ

የተከበሩ ከንቲባ፣

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እዚሁ ሐዋሳ የ10ኛ ክፍል መምህር ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ሁለት ተማሪዎቼ ነው። ስማቸውን አልጠራም። ሁለቱም የከሰዓት ፈረቃ ናቸው፤ ሁለቱም እየሠሩ ነው የሚማሩት።

ልጁ 17 ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ባለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ይውላል። ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ ቢላዋውን ስሎ ይጠብቃቸዋል። የቆሮሶውን ቅርፊት ይፍቃል፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያል። የሚከፈለው በአሳው ቁጥር ነው። አራት ሰዓት ሲሆን እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ቀን ደብተሩን ሳርም ገጾቹ መሃል የደረቀ የአሳ ቅርፊት አገኘሁ። የሕፃን ጥፍር ያህላል። የቤት ሥራው ግን አንድም ሳይቀር ተሠርቷል።

ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው። ከገጠር መጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቤተሰቦቿ ቆጮ ይልኩላታል፤ የቤት ኪራዩን ግን አይችሉትም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት እንደወጣች በቀጥታ ወደ አንድ ምግብ ቤት ሄዳ ታስተናግዳለች። የምትወጣው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ 6 ሰዓትም ያልፋል። በዚያ ሰዓት ባጃጅ ካጣች በእግሯ ነው የምትሄደው፤ ለብቻዋ። ክፍል ውስጥ ስጠይቃት ዓይኗ እኔ ላይ ነው፣ ልቧ ግን እዚያ የለም። ባለፈው ወር ደመወዟን ልትቀበል ስትሄድ "ብርጭቆ ሰብረሻል" ተብላ ግማሹ ተቆረጠባት። የሥራ ውል የላትም። ለማን አቤት ትበል?

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር እንከራከራለን። አንዳንዶቹ "ተማሪ ምን ሥራ አለው? ይከልከል በቃ" ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ልጅቷን ብንከለክላት ኪራይዋን ማን ሊከፍልላት ነው? ትምህርቱን ትታ ወደ ገጠር ትመለሳለች፣ ወይም ትምህርቱን ትታ ሥራው ላይ ትቀራለች። ሁለቱንም በተማሪዎቼ አይቻለሁ። ልጁም ቢሆን የሚሠራው ለኪስ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የታናሽ እህቱን ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው እሱ ነው። ይህን ሲነግረኝ ቀና ብሎ ነው። ያንን ኩራት እኔ በትምህርት ልሰጠው አልችልም።

እኔም ሠርቼ ነው የተማርኩት። መናኸሪያ አካባቢ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ቁልፍ እተክል ነበር። ጋሼ ነበር የምለው። ልክ 12 ሰዓት ሲሆን መርፌውን ከእጄ ይቀበለኝና "ሂድ፣ አጥና" ይለኛል። ሥራ ቢበዛበትም፣ በዓል ቢደርስም አያስቀረኝም። የፈተና ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አያስገባኝም፤ ብሩን ግን አይቀንስብኝም። ዛሬ ሳስበው እዚህ ያደረሰኝ የዚያ ሰው ደግነት ነው። ተማሪዬ እንደዚያ ያለ ሰው አልገጠማትም። የሷ ጥፋት ግን አይደለም።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ይጠብቃቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሥራ መቀጠሪያ ዝቅተኛውን ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። ከ15 እስከ 18 ያሉትን ወጣት ሠራተኞች ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። የትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍትና የሕዝብ በዓል ሥራም እንደዚሁ። እንግዲህ ልጅቷ በየምሽቱ የምትሠራው የመጨረሻዋ ሰዓት በሕግ የተከለከለች ናት ማለት ነው። ምግብ ቤቱ ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም። እሷም አታውቅም ነበር፤ እኔ ነኝ ያነበብኩላት።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አዋጁ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይላል። ግን 7 ሰዓቱ ለሚማረውም ለማይማረውም እኩል ነው። ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የዋለ ልጅ ላይ 7 ሰዓት ሥራ ሲጨመርበት መቼ ያጠናል? መቼስ ይተኛል? አዋጁን ማሻሻል የከተማው ሥልጣን እንዳልሆነ ይገባኛል። ከእርስዎ የምጠይቀው በእጅዎ ያለውን ነው።

ንግድ ፈቃድ ሲታደስ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሠራተኛ እንዳላቸው ይጠየቁ። ካላቸው የሥራ ሰዓቱና ክፍያው የተጻፈበት አንድ ወረቀት ይኑር። አሠሪው፣ ወላጁና ትምህርት ቤቱ ይፈርሙበት። ለተማሪ በትምህርት ቀን ከ3 ሰዓት የማይበልጥ፣ ማታ ከ2 ሰዓት የማያልፍ ሥራ ቢሆን ብዙዎቹ አሠሪዎች እሺ የሚሉ ይመስለኛል። በፈተና ሳምንት ለተማሪዎቹ የዕረፍት ፈቃድ ይሰጣቸው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ተቆጣጣሪ ይውጣ። ቀን ላይ የሚደረግ ቁጥጥር ለዚህ አይጠቅምም፤ ልጆቹ በዚያ ሰዓት እኔ ጋ ናቸው።

ሐይቁ ዳር ቆሎ ይዘው የሚዞሩት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ጉዳይ ከዚህ የከበደ ስለሆነ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ወረቀቱን ለማዘጋጀት ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በነፃ እሠራለሁ፤ ሌሎች ሁለት መምህራንም አብረውኝ እንደሚሠሩ ነግረውኛል። ሁለተኛው ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት መልስዎን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የ10ኛ ክፍል መምህር
ሐዋሳ