ቦልት ሁሉ ብሎን አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን አንድ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ታሪክ ሳነብ «ፈረሱ ተቀረቀረ» የሚል ነገር አየሁና ቆም አልኩ። የሚቀረቀረው በር ነው እንጂ ፈረስ እንዴት ይቀረቀራል? ቆይቶ ገባኝ። እንግሊዝኛው «ቦልትድ» ነበር ማለት ነው። ተርጓሚው መዝገበ ቃላቱ ላይ መጀመሪያ ያገኘውን ትርጉም አንስቶ አለፈ፤ ፈረሱ ግን ደንብሮ ፈርጥጧል፣ የታሪኩ ጭንቅም ያ ነበር።

የምተዳደረው በትርጉም ስለሆነ ነገሩ ከልቤ ይቆረቁረኛል።

ቦልት ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ከዳዶ ጋር የሚታሰረው ብሎን ነው፣ ወይም የበር መቀርቀሪያ። ቃሉ ሲነሳ ግን ማሰሪያ አልነበረም፤ አጭርና ወፍራም ፍላጻ ነበር። ይህን ከያዙ ሌላው አይከብድም። ፍላጻ ተስፈንጥሮ ይበራል፣ ስለዚህ ተፈትልኮ መሮጥም ቦልት ሆነ፣ የመብረቅ ብልጭታም። በሩ ላይ የሚገፋው ብረት ደግሞ ፍላጻ ስለሚመስል ስሙን ወሰደ፤ እኛ ጣቃ የምንለው ጥቅል ጨርቅም እንዲሁ።

እስቲ እነዚህን ሁለቱን እዩ። «ሺ ቦልትድ ዘ ዶር» ማለት በሩን ቀረቀረችው ነው። «ሺ ቦልትድ ፎር ዘ ዶር» ሲሆን ግን ወደ በሩ ተፈተለከች። አንዲት «ፎር» ገብታ በር የምትዘጋዋን ሴት የምታመልጥ አደረገቻት!

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ሁሉ ቃል አላጣም። ምግብ ከሆነ ሳያላምጡ መሰልቀጥ ነው። «ቦልት አፕራይት» ከሆነ ቀጥ ብሎ መቀመጥ። «ቦልት ፍሮም ዘ ብሉ»ን «ከሰማያዊው የመጣ መብረቅ» ብለው ቃል በቃል ሲያወርዱት በጣም ነው የማዝነው፣ ዱብ ዕዳ የሚል ያማረ ቃል እያለን። ሰላጣ ቦልት አደረገ ሲባልም አልሸሸም፣ አልተቆለፈምም፤ ሙቀት በዝቶበት ያለጊዜው አገዳ አውጥቶ አበበ ማለት ነው፣ ቅጠሉም ይመርራል። ዱቄት መንፋትም ቦልት ይባላል፣ ይሄኛው ግን ከፈረንሳይኛ የመጣ ሌላ ቃል ነው፣ የተገጣጠመው አጻጻፉ ብቻ ነው።

ጋዜጣችሁ የውጭ ጽሑፎችን እያስተረጎመ ስለሚያወጣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተርጓሚዎቻችሁ ትርጉሙን ከመምረጣቸው በፊት ያደረገው ማን ነው፣ የተደረገበትስ ምንድን ነው ብለው ይጠይቁ። አርታዒውም ረቂቁ ላይ የተቀረቀረ ፈረስ ካገኘ ሳያሳልፍ ወደ እንግሊዝኛው ይመለስልን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ተርጓሚ