ይድረስ ለአዳማው ወንድሜ

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ደህና ናት? ትንሹስ ትምህርት ቤት ገባ?

ጠፋሁብህ፣ ይቅር በለኝ። ሰበብ አልደረድርም፣ አንተም ሰበብ አትወድም። ደግሞ ልደብቅህ አልችልም፤ ዛሬ የጻፍኩልህ ናፍቆት ብቻ ገፍቶኝ አይደለም። እጅህን ፈልጌ ነው። ቶርኖው ላይ እስካሁን አለህ አይደል? እሺ፣ ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ያየሁትን ልንገርህ፣ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኛል።

ያቺን 80 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ታውቃታለህ፣ አልነግርህም። አሁን ኋላዋ ላይ ካሜራ ገጥሜያለሁ። ካሜራው ፊት ደግሞ ግሬቲንግ የሚባል ትንሽ ክብ መስታወት አለ። በአንዷ ሚሊ ሜትር ውስጥ 100 መስመር አለበት፣ በዓይን አይታይም። የኮከብ ብርሃን በዚያ ሲያልፍ ኮከቡ ነጥብ ሆኖ ይቀርና ከጎኑ ቀጭን የቀለም ክር ይዘረጋል። ከሐምራዊ እስከ ቀይ። ስፔክትረም የሚሉት እሱን ነው።

ሲሪየስ የሚባለውን ደማቅ ኮከብ አንስቼ ክሩን ሳየው እዚህም እዚያም ተበጥሷል። ጥቁር ክፍተት አለው። የኮከቡ ውጪኛ ጋዝ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ብርሃኑ ሲያልፍ የራሱን ቀለም ያስቀርበታል። ቀዩ ላይ 656 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካበት ነው)፣ ሰማያዊው መጀመሪያ ላይ 486፣ ከዚያ 434። ሁሌም እዚያው ቦታ ናቸው። ቤቴልጅየስ የሚባለውን ኮከብ ብታነሳ ደግሞ ሌላ ነው። ከሲሪየስ ይልቅ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቲታኒየም ኦክሳይድ የሚባል ውህድ ክሩን እየቆራረጠ ደረጃ ደረጃ ያደርገዋል። ሰው ሳይነካቸው፣ ሳይደርስባቸው፣ ከምን እንደተሠሩ ይታወቃል! ይሄ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ማታ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ብትዞር፣ ከሲሪየስ ዝቅ ብሎ፣ ጋማ ቬሎረም የሚባል ኮከብ አለ። በዓይን ስታየው ከሌሎቹ ምንም አይለይም። መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ሰፈሩ ድቅድቅ ብሏል፣ ሰማዩ ግን ቁልጭ ያለ ነው። ከተማሪዎቼ ሁለቱ ከወላጆቻቸው አስፈቅደው መጥተዋል። ፎቶውን ላፕቶፑ ላይ ስከፍተው አንደኛዋ ቀድማኝ አየችው። «ቲቸር፣ የዚህኛው ለምንድነው የሚያበራው?» አለች።

እውነቷን ነው። ጥቁር ክፍተት የለውም። ሰማያዊው ላይ፣ 465 አካባቢ፣ ብርሃኑ አብጧል። ቢጫው ላይ ደግሞ ሁለት ጎን ለጎን፣ 570 እና 581 ገደማ። ወፍራም ናቸው፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ አይደሉም። እኔ በጽሑፍ አውቀዋለሁ፤ በገዛ ካሜራዬ ሳየው ግን እጄ ተንቀጠቀጠ።

ካርበን ነው ወንድሜ። አንተ ጋ ብረቱን የሚያጠነክረው ያው ካርበን። ኮከቡ ውጪኛ ልብሱን አውልቆ ጨርሷል፤ ሆዱ ውስጥ የሠራውን እየተፋው ነው፣ በሰከንድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት። ጋዙ ከፊሉ ወደ እኛ ይመጣል፣ ከፊሉ ይሸሻል፤ መስመሩ የሰፋው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያሉትን ኮከቦች እ.ኤ.አ. በ1867 መጀመሪያ የለዩት ቮልፍ እና ራዬ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳዮች ናቸው፣ ስማቸውም ለኮከቦቹ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የሠሩት ፓሪስ ነው። ከሁሉም ደማቁ ጋማ ቬሎረም ግን ፓሪስ ላይ መቼም አይወጣም! ለእነሱ ከአድማስ በታች ነው። ለእኛ ለሐዋሳና ለአዳማ ልጆች ግን ከፍ ብሎ ይቆማል። እንጦጦ ላይ ያሉትን ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ልወዳደር አይደለም፤ ግን ይሄ ኮከብ ከግቢያችን ይታያል፣ እኛም ልናነበው እንችላለን። ያን ማታ ለልጆቹ ብርሃኑ ከዚያ የተነሳው ላሊበላ ከመፈልፈሉ በፊት ነው ስላቸው ዝም አሉ።

አከራዬ እትዬ ግን አሁንም ኮከብ ቆጣሪ የሆንኩ ይመስላቸዋል። የልጃቸውን ዕድል እንድነግራቸው ለምነውኛል። ቴሌስኮፑን አሳየኋቸው፣ ሳተርንን ስናገኝ ደግሞ እጠራቸዋለሁ።

እንግዲህ ችግሬ። ግሬቲንጉን የያዘው አሁን ፒቪሲ ቱቦና ናስትሮ ነው። ቀን ሙቀቱ ሙጫውን ያላላዋል፣ ማታ ስነካው ይዞራል። ሞተር ስለሌለኝ ኮከቡ ፎቶው ውስጥ ይንሸራተታል፤ ይሄን እጠቀምበታለሁ። ክሩ ከመንሸራተቱ ጋር በትክክል ከተሻገረ እየሰፋ ጥብጣብ ይሆንና መስመሮቹ ቁልጭ ይላሉ። ግሬቲንጉ ትንሽ ከዞረ ግን ሁሉም ይደበዝዛል። ከካሜራው ያለው ርቀት ከተለወጠ ደግሞ ልኩ ራሱ ይለወጣል፣ በሲሪየስ እንደገና መለካት አለብኝ።

ስለዚህ ከአሉሚኒየም አንድ ቱቦ፣ ልኩ ሁሉ በሚሊ ሜትር። የውጪ ስፋቱ 31.7፣ ርዝመቱ 40። ከፊት በውስጥ በኩል ጥርስ፣ 28.5 በ0.6። ከኋላ ጫፉ ሰፋ ብሎ በውጪ በኩል ጥርስ፣ 42 በ0.75፣ የካሜራው ቀለበት ላይ የሚገባ። ደግሞ ግሬቲንጉ የፈለግኩበት ላይ ሲደርስ የሚቆልፈው ስስ ቀለበት፣ በዚያው በ28.5 ጥርስ። ውስጡን በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀባልኝ፣ አሉሚኒየሙ ካበራ ብርሃን ይረብሻል። በ0.6 ጥርስ ታማርራለህ፣ አውቅሃለሁ፤ ግን ያንን የሞተር ሳይክል ነገር የሠራህ ሰው ይሄ አያቅተውም።

ይልቅ አንድ ነገር ልንገርህና ሥራውን ውደደው። እ.ኤ.አ. በ1785 ሪተንሃውስ የሚባል አሜሪካዊ ሰዓት ሠሪ በሁለት ቡሎኖች ጥርስ ላይ ፀጉር ጎን ለጎን ወጥሮ ግሬቲንግ ሠራ። ጥርሱ ነው የፀጉሮቹን ርቀት እኩል ያደረገው። የእጅ ሰው ነበር፣ እንዳንተ። ይሄ ሥራ ከጥንትም ያለ ቶርኖ ሆኖ አያውቅም።

ዋጋውን... እንዴት ልበልህ። ብር አልቀበልም ትለኛለህ፣ እኔም በነፃ አልወስድም። አሉሚኒየሙን ቢያንስ እኔ ልክፈል። በዚህ አትጨቃጨቀኝ።

እዚህም ቶርኖ ቤት ሞልቷል፣ ለምን ለኔ ትለኝ ይሆናል። እውነቱን ልንገርህ። ያ ፎቶ ሲከፈት ዞር ብዬ ላሳየው የፈለግኩት ሰው አንተ ነበርክ። ታቦር ተራራ ላይ ሆነን ስንት ሌሊት የአንዱን ባይኖኩላር ተቀባብለን አየን? አዳማ ለሁለት ወር ብለህ ሄደህ አግብተህ ቀረህ፣ ለኔ ሳትነግረኝም ጢም አሳደግክ፣ ፎቶህን ሰው አሳየኝ። ለማንኛውም አምሮብሃል። እኔ ግን ካንተ ወዲህ ሰማይ የማየው ብቻዬን ነው፣ እነዚህ ልጆች እስኪመጡ ድረስ። ይሄን በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም፣ ለዚህ ነው የጻፍኩት።

አጣደፍኩህ፣ ግን በልግ እየገባ ነው። ደመናው ከመጣ ጋማ ቬሎረም ለዘንድሮ አመለጠን። ከዚያ ቀጥሎ ልጆቹ የሚጠብቁት ዴልታ ስኮርፒ አለ፣ ጎህ ሳይቀድ የሚታይ። ተራ ኮከብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ሴባስቲያን ኦቴሮ የሚባል አርጀንቲናዊ አማተር በዓይኑ እያየ መድመቁን ደረሰበት። ኮከቡ ዙሪያውን የጋዝ ቀለበት አበጅቶ 656 ላይ የሃይድሮጅኑ መስመር ማብራት ጀመረ። እስካሁን ይለዋወጣል፣ አማተሮችም በየአገሩ ይከታተሉታል። ተማሪዎቼ ከሐዋሳ የየወሩን ቢመዘግቡ ሥራቸው ቁም ነገር ነው፣ የክፍል ልምምድ ብቻ አይደለም።

ስትጨርስ ወደ ሐዋሳ ለሚመጣ የምታምነው ሰው ስጠው። ከቻልክ ራስህ ይዘኸው ና፣ ባለቤትህንና ትንሹንም አምጣቸው፤ አሞራ ገደል ዓሣ አበላችኋለሁ፣ ማታ ደግሞ ጋማ ቬሎረምን አሳያችኋለሁ። ልኩ ግራ ካጋባህ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ደውል፤ ከዚያ በኋላ ጣሪያው ላይ ነኝ፣ ስልኬን አጠፋለሁ።

ለቤተሰብህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ያንተው ወንድም፣ ከሐዋሳ