ይድረስ ለአባባ፣ አዳማ

ሐዋሳ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይሄን አጀማመር የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ከምጽዋ ለአያቴ ይልኩት የነበረው ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ይጀምር ነበር። ስልክ ላይ "ሃሎ፣ ሃሎ፣ አይሰማም" እያሉ ሲዘጉብኝ ጊዜ ወደ ወረቀት ተመለስኩ። የእህቴ ልጅ ታንብብልዎት። ቀስ ብላ፣ ሳትዘል።

የምጽፍልዎት ስለ ዓሣ ነው። ይሳቁብኝ። ክፍል ውስጥ "ዓሣ ዓሣ ትሸታለች" ስለተባልኩ ሳምንት ሙሉ እራት አልበላም ብዬ ያስቸገርኩዎት እኔ፣ አሁን ቅዳሜን ከዓሣ ጋር ነው የምውለው።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሐይቅ ክበብ አቋቁሜያለሁ። 23 ልጆች ናቸው፤ ከሰባተኛ እስከ አስረኛ ክፍል። አብዛኞቹ ሐይቁን የሚያውቁት ፍቅር ሐይቅ ዳር ፎቶ ሲነሡ ነው። ጥቂቶቹ ግን የአሞራ ገደል አስጋሪዎች ልጆች ናቸው። እነሱ ብዙ ያውቃሉ፤ ሆኖም ዝም ይላሉ። ለምን ዝም እንደሚሉ ለእኔ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም።

ሐሳቡ የመጣልኝ ኬፕ ታውን ለሥልጠና የሄድኩ ጊዜ ነው። ፎቶውን ሳሳይዎት "ምጽዋን ይመስላል?" ብለውኝ ነበር። አይመስልም አባባ፣ ብርድ ነው። ግን ከቤታችን ባሕር ያየን እኔና እርስዎ ብቻ ነን። እዚያ ወደቡ ላይ ቱ ኦሽንስ የሚባል አኳሪየም አለ፤ በፈረንጆች 1995 የተከፈተ። ከመስታወቱ ማዶ እንደ ዛፍ የረዘመ የባሕር አረም ይወዛወዛል፤ ዓሣው በመሃሉ ሽው ይላል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ሁሉ በላይ የገረመኝ ግን አንድ ዝቅ ያለ ገንዳ ነው። ልጆች እጃቸውን ከትተው የባሕር ፍጥረት የሚነኩበት ነው። አጠገቡ ቆማ የምታስረዳው የአስራ አራት፣ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። "መጀመሪያ እጅዎን ያርጥቡ። በሁለት ጣት ብቻ። አይጫኑ" አለችኝ። እኔን፣ መምህሯን! እሺ ብዬ በሁለት ጣት ነካሁ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቦታ ሲወራ ጆሮዬ ይቆማል። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞንተሬይ የሚባል ከተማ አለ። ድሮ ከተማው የሚኖረው በሰርዲን ነበር፤ በዚያ በቆርቆሮ በሚታሸገው ዓሣ። ያለ ልክ አሰገሩ፣ ባሕሩም ጠባዩን ለወጠ፣ ሰርዲኑ ጠፋ። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የመጨረሻው በፈረንጆች 1973። በዚያው ቦታ በፈረንጆች 1984 ትልቅ አኳሪየም ተከፈተበት። ተማሪ ከመምህሩ ጋር ሲመጣ በነፃ ይገባል፤ ታዳጊዎች ራሳቸው ለጎብኚ ያስረዳሉ። ደስ ይላል። ግን ዓሣው ካለቀ በኋላ ነው። እኛ ጋ ገና ዓሣ አለ ብዬ ተነሣሁ።

ገንዘብ የለም፤ የተዘጋ ኬክ ቤት የማሳያ መስታወት በርካሽ ገዛሁ። መስታወት ሠሪው በሲሊከን ገጣጥሞ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ ገንዳ አደረገልኝ። ሁለት መቶ ሊትር ሁለት ኩንታል መሆኑን ሳላሰላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። የጠረጴዛው እግር ተሰበረ። አሁን ብሎኬት ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቆሮሶዎች አንድ ሌሊት አላደሩም። ከቧንቧ በቀጥታ ሞልቼ ነበር የከተትኳቸው። ጠዋት ስንገባ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገዋል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ውሃውን ክፍት አድርጎ አንድ ሁለት ቀን ማሳደር ነበረብኝ። ይሄን የረሳሁት ዩኒቨርሲቲ ድረስ በዓሣ ገንዘብ ያስተማሩኝ ልጅዎ ነኝ! ርዕሰ መምህሩ "ሳይሞቱ ብንጠብሳቸው አይሻልም ነበር?" አለ።

በሁለተኛው ዙር አራት ቆሮሶና አንድ አምባዛ አስገባን። አንድ ዓርብ ማታ መብራት ጠፋ፤ አየር የሚነፋው ሞተር ቆመ። ቅዳሜ ስንደርስ ሁለት ቆሮሶ ሞተዋል፤ ሁለቱ ላይ ላዩን አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። አምባዛው ታች ተጋድሟል፣ ምንም አልመሰለው። አልፎ አልፎ ብቅ ይልና አየር ጎርሶ ይመለሳል። ልጆቹ "እሱስ?" አሉኝ። ከስንጥቡ በላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስል፣ እንደ ሳንባ የሚያገለግለው አካል እንዳለው ነገርኳቸው። ማስታወሻ ያዙ፣ ግን ፊታቸው አልበራም። ከዚያ እርስዎ ድሮ በእርጥብ ጆንያ ያመጡትን አምባዛ አወራሁላቸው። ሳፋ ውስጥ አሳድረውት፣ ሌሊት ዘሎ ወጥቶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሲንፏቀቅ፣ እማዬ ነፍሷን ይማርና "እባብ! እባብ!" ብላ ሰፈሩን የቀሰቀሰችበትን። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አሁን አምባዛ ለምን ከውሃ ወጥቶ እንደሚቆይ የማያውቅ ልጅ የለኝም።

ወደ ጥቁር ውሃም ወስጃቸዋለሁ። ወንዙ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። "ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?" አሉ። ፀሐይ ይወስደዋል፣ መሬትም ይጠጣዋል። ፌስታሉና ሃይላንዱስ? ፀሐይም አይወስደው፣ መሬትም አይጠጣው። እዚያ ላይ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም።

አንዲት ቆሮሶ ደግሞ ምግብ እምቢ አለች። አገጯ አብጧል። የታመመች መስሏቸው ደነገጡ። እርስዎ ቢኖሩ በአንድ ዓይን ያውቋት ነበር። እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛለች። ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ሁለት ሳምንት ያህል ትይዛቸዋለች፤ ያን ጊዜ ምግብ ብዙም አይገባላትም። ለቃቸውም፣ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ልጆቹ በየተራ ያለ ድምፅ ቁጭ ብለው አዩዋት። እኔ ያሰብኩት ግን ጀልባዎን ነበር። እንዲህ ያለችውን ሲይዙ ጎንበስ ብለው፣ አፏን ከፈት አድርገው ጫጩቶቹን ወደ ውሃው ይመልሷቸው ነበር። ያለ እናታቸው ብዙዎቹ እንደማይተርፉ ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። አልነገርኩዎትም። ዛሬም ባልነግርዎት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ለሚቀጥለው ነገር ያስፈልገኛል።

አንቺ አንባቢዋ፣ እዚህ ጋ ነው እንዳትዘይ ያልኩሽ።

ከሁለት ሳምንት በፊት የመረብ ቁራጮች ይዤ ገባሁ። የመረብ ዓይን በማስመሪያ ለካን። ዓይኑ ሲጠብ ገና አንዴ እንኳ ያልወለደው ዓሣ አብሮ እንደሚያዝ አሳየኋቸው። ሕግ እንዳለም ነገርኳቸው፤ የዓሣ ሀብት አዋጅ ከወጣ እኮ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። በራሴ ኮርቼ ሳለ ከኋላ ወንበር አንድ የአሞራ ገደል ልጅ እጁን አወጣ። አፉን ከፍቶ አያውቅም ነበር። "ቲቸር፣ የእኔ አባት መረብ እንደዚህ ጠባቡ ነው። አባቴ ሌባ ነው?"

"በሚቀጥለው እናየዋለን" አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

አባባ፣ እማዬ የታመመችበትን ዓመት ያስታውሳሉ። እኔም አስታውሳለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ጠባቡን መረብ ጎረቤት እንዳያየው ከቤቱ ጀርባ ጆንያ ደርበውበት ነበር የሚያደርቁት። አላየችም ብለው ይሆናል። የዚያን ዓመት ደብተሬም ዩኒፎርሜም ከዚያ መረብ ነው የወጣው፤ የእማዬም መድኃኒት። ከሞተች በኋላ አንድ ጠዋት ስነሣ በቢላ ቆራርጠው ሲያቃጥሉት አየሁዎት። ምንም አላልኩም፣ እርስዎም ምንም አላሉኝም። ሃያ ምናምን ዓመት ሆነን።

የምጽፈው ልወቅስዎት አይደለም፤ እንደዚያ ከተሰማዎት አጻጻፌ ነው የበደለኝ። ስለ ዓሣ እኔ መናገር እችላለሁ። ቤቱ የታመመ ሰው ተኝቶበት ሐይቅ ዳር ስለሚቆም ሰው ግን እኔ ስናገር የመምህር ወሬ ይሆናል። ልጁም ያውቀዋል። ለዚያ ልጅ ለምን ያንን መረብ እንደያዙት፣ ለምን እንዳቃጠሉት እርስዎ ይንገሩልኝ። ሌላ ንግግር አያስፈልግም። ካልሆነልዎትም ግድ የለም፣ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለው መረብ ቢጠግኑ ይበቃኛል። እሱን ደግሞ ማንኛችንም አንችልም።

ለልጁ እናት ልኬባት ነበር፤ "እንደ እኛ ያለ ሽማግሌ ይመጣል ካልሽማ ልጄም ይመጣል" ብላለች።

የካቲት ሁለተኛው ቅዳሜ ቢሆን ይመቸኛል። እህቴ ዓርብ ጠዋት ታሳፍርዎት። ሞጆ ላይ መኪና እንዳይቀይሩ፣ ቀጥታ የሚመጣውን ትፈልግ፤ እኔ መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ። ትራስዎን አይያዙ፣ እዚህ አለ። ጋቢ ግን ይያዙ፣ ከሐይቁ የሚመጣው የማታ ነፋስ እንደ ድሮው ነው። አባ ኮዳዎቹም እንደ ድሮው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ፤ በቁጥር የጨመሩ ይመስለኛል።

ያቺን የእንጨት መረብ መስፊያ መርፌ ይዘውልኝ ይምጡ። የለችም እንዳይሉኝ፤ በእህቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከእማዬ ነጠላ ሥር አይቻታለሁ።

ልጅዎ