ለአባዬ፣ ስለ ተልባው ጣሳ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከረሙ? እኔም ሕፃኑም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ አዲስ አበባ ላይ የጅማውን ማድ ቤቷን አቋቁማለች። ገንፎውን እያገነፋች "አባትሽ ምን በልቶ ይሆን?" ማለቷን ግን አልተወችም። ስንደውል "በልቻለሁ፣ ደህና ነኝ" ብለው ይዘጉታል። የተበላው ዳቦ በሻይ መሆኑን ከጎረቤት ሰምተናል። ለዚህ ነው በደብዳቤ የመጣሁብዎት። ደብዳቤ አይዘጋም።

ጾሙን ይጹሙ፣ ማን ከልክሎዎት። ግን 55 ቀን በሻይ አይገፋም። በእርስዎ ዕድሜ ምግብ ሲያንስ ጡንቻ ቶሎ ይሟሽሻል። ያስተማሩኝ ሥነ ምግብ ደግሞ ለእርስዎ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

መደርደሪያው ላይ አሮጌ የወተት ዱቄት ጣሳ አለ። ውስጡ ተልባ ነው። 100 ግራም ተልባ 18 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 42 ግራም ያህል ቅባት አለው። ከቅባቱ ግማሽ የሚበልጠው ኦሜጋ 3 የሚባለው ዓይነት ነው። ይሄን ሰውነት ራሱ አይሠራውም፤ ከምግብ የግድ መምጣት አለበት። የዓሣውን ኦሜጋ 3 ያህል ይሠራል ብዬ አልዋሽዎትም፣ ግን በጾም ወቅት ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ደግሞ ያ የሆድ ድርቀትዎ! የተልባ ከሩብ በላዩ ፋይበር ነው። ውሃ በደንብ ይጠጡበት፤ ያለ ውሃ ጭራሽ ያብሰዋል።

ታዲያ እንደ ቆሎ እንዳይቅሙት። ድፍኑ ፍሬ እንደገባ ይወጣል። ምጣዱ ሞቅ ሲል አንድ እፍኝ ጣል አድርገው ያማስሉት። መጀመሪያ ዝም ይላል። ቆይቶ ጠስ ጠስ ይልና መዝለል ይጀምራል፤ አንዳንዱ ከምጣዱ ወጥቶ እግርዎ ሥር ያርፋል። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ያውጡት፤ ካረረ ይመራል። በረድ ሲል ወደ ሙቀጫ። "ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ" እያሉ እኛን ሲያስፈራሩን ነው ያደግነው፤ አሁን እውነተኛው ተልባ ተራው ደርሷል። በውሃ በጥብጠው ጨው ቆንጠር፣ ቃሪያ ጣል፣ እንጀራ ፍትፍት። የሁለት የሦስት ቀን ብቻ ይውቀጡ፤ ከተፈጨ ቅባቱ ቶሎ ይበላሻል። የግፊት ኪኒንዎን ግን አብረው አይዋጡ። ዝልግልጉ መድኃኒቱን ሊያዘገየው ስለሚችል ሰዓት ያራርቁት።

ይሄን ደብዳቤ ለሚያመጣው መንገደኛ ሰሊጥና ኑግም ሰጥቼዋለሁ። ሽሮ በበሉ ቁጥር ቆላ አድርገው የወቀጡትን ሰሊጥ አንድ ማንኪያ ነስነስ ያድርጉበት። የሽምብራና የባቄላ ፕሮቲን የሚጎድለውን ሰሊጥ ይሞላዋል፤ የሰሊጥን ጉድለት ደግሞ እነሱ።

ቢጫው ጀሪካን ውስጥ ያለው፣ በብርድ የሚረጋው ዘይት ግን ይብቃዎት። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። የኑግ ዘይት የሚረጋው ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም፤ አብዛኛው ኦሜጋ 6 የሚባለው የማይረጋ ቅባት ነው። እማዬ ማንም ሳያስተምራት "የሚረጋ ዘይት አይጥመኝም" ትል ነበር፤ እኔ አራት ዓመት ተምሬ እሷ ጋ ደረስኩ። ደስ አለኝ ብለው ግን የኑጉን እንዳያንቆረቁሩት። የትኛውም ዘይት በግራም 9 ካሎሪ ነው።

ከሰፈር የሚገዙትን ለውዝ አልከለክልዎትም፣ ፕሮቲኑ በመጠን ከጥሬ ሥጋ አያንስም። የጅማን እርጥበት ያውቁታል ግን። የተጨማደደውን፣ የሻገተውን፣ የሚመረውን ይጣሉት። የሻጋታው መርዝ ጉበት የሚጎዳ ነው፤ በመቁላት ብቻም አይጠፋም። "ገንዘብ ያወጣሁበት ነው" እንዳይሉኝ!

እማዬ ጀርባዬ ላይ ቆማ እያነበበች ነው። "ሙቀጫው ከማድ ቤቱ በር ጀርባ ነው፣ ዘነዘናውን ጎረቤት ተውሰውታል፣ ሄዶ ይጠይቃቸው" ብላለች። ጣሳውን ሲከፍቱ መጀመሪያ ነቀዝ አለመኖሩን ይዩ ብላም አክላለች። ልጁ ነቅቷል፣ ልሂድ።

አክባሪ ልጅዎ