የድጋፍ ጥሪ፦ ፍየሎቹ ሳይከሱ እንድረስ

ባቲ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ቅኝቱ ነው። ለኛ እዚህ ላለነው ግን ባቲ ማለት ሰኞ ነው። ሰኞ አፋሩ ግመልና ፍየሉን ነድቶ ከቆላ ይወጣል፣ ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል።

ባለፈው ሰኞ አንድ የአፋር ሽማግሌ አምስት ፍየል ይዘው ቆመዋል። ነጋዴው የአንዷን ወገብ ዳበሰ። አጥንቷ እጁ ላይ ሲቆጠርበት ፊቱን አዞረ። «አባ፣ ይቺማ ቆዳ ብቻ ናት» አላቸው። እስከ ቀትር ጠበቁ። በመጨረሻ ሁለቱን በተባሉት ዋጋ ለቀው፣ አንድ ሰው በትከሻው የሚሸከማትን በቆሎ ይዘው ተመለሱ። ድርቅ ሲመጣ እንዲህ ነው፤ ሁሉም መሸጥ ይጀምራል፣ የከብት ዋጋ ይወርዳል፣ የእህሉ ይሰቀላል።

እርዳታ አይመጣም አልልም። አንድ ዓመት መኖ በመኪና ተጭኖ መጥቶ ነበር። ሲደርስ ግን የሚበላው ላም አልቋል። ማን እንዳዘገየው ልተወውና፣ ዘንድሮ ቀድመን መገኘት እንፈልጋለን።

የባቲ ሰዎችና ከቆላው የመጡ አርብቶ አደሮች ቡና ላይ ተቀምጠን ሁለት ነገር ቆርጠናል። አንዱ የጎርፍ ውሃ የሚያጠራቅም፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ነው። ክረምቱ መስከረም ላይ ከወጣ በኋላ፣ አፋሮቹ ሱጉም የሚሉት ዝናብ እስከ መጋቢት ድረስ አይጠበቅም። ጉድጓዱ 10 ሜትር በ5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ነው። ሲሞላ 150,000 ሊትር ይይዛል። አንዲት ፍየል በቀን 5 ሊትር ብትጠጣ፣ ለ300 ፍየል 100 ቀን ያደርሳል። በወረቀት ነው እንግዲህ! ፀሐዩ ይመጠዋል፣ ሰውም ይቀዳል፣ የተጠማ ግመል ደግሞ አንዴ ካጎነበሰ 100 ሊትር ይገለብጣል። ለዚህ ነው የቆርቆሮ ክዳን ያሰብንለት። ቁፋሮው በጉልበታችን ነው። ሲሚንቶ፣ ፌሮና ቆርቆሮ ግን ገንዘብ ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው የማሽላ አገዳ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አጨዳው ሲያልቅ አገዳው በየማሳው ተከምሮ ይረክሳል። ግንቦት ላይ ዋጋው አይቀመስም። በርካሹ ጊዜ ከደገኛው ገዝተን ዳስ ውስጥ እናስቀምጣለን። ብሩ ለገበሬው፣ አገዳው ለቆላው ላም።

በ1977 ዓ.ም. ባቲ ላይ የነበረውን የእርዳታ መጠለያ የሚያስታውሱ እናቶች አሁንም አሉ። ደገኛውም አፋሩም እዚያው ነበር። ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ዝናቡ ቢመለስ እንኳ የሚነዳው የለውም።

አዲስ አበባ፣ ጅዳ፣ ቤይሩት ያላችሁ ወሎዬዎች፣ አብሽሩ፣ ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት። ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶም፣ አንድ ሸክም አገዳም ይቆጠራል። የሒሳብ ቁጥሩን ከየቅሬያችሁ (ከየእድራችሁ) ሰብሳቢ ውሰዱ። ብሩ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ አንዱ ከከተማው፣ አንዱ ከአርብቶ አደሮቹ፣ አንዷ ከሴቶቹ። የገባውንና የወጣውን ሰኞ ሰኞ ገበያው ላይ እንለጥፋለን። ማሽላው ሳይታጨድ ብትልኩልን ለአገዳው እንደርሳለን።